የወይንሀረግ ጓንት
ከፈለ ስልኩን ከወይንሀረግ እጅ ቀማና «በዚህ ኖርስክሽ ሐኪም ልታናግሪ? እኔ ላስተርጉምልሽ!» አላት። አለቃዋ ነው፤ ኦከርን ሰፈር ያለውን የገበያ ማዕከል የሚያጸዱት ሁሉ በሱ ስር ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በገባላቸው ኢንሹራንስ በቪዲዮ የቀረበችው ሐኪም፣ ወይንሀረግ ተላጠ ያለቻትን እጅ ምን እንደላጠው ስትጠይቅ፣ «ቤቷ ዕቃ ስታጥብ ነው» ብሎ በኖርስክ፣ በኖርዌይኛው ቋንቋ፣ መለሰላት። ወይንሀረግ ይቺን ይቺንማ ትሰማለች!

«ውሸታም! ያመጣኸው የሽንት ቤት ማጽጃ ነው በላት!»

«አፍሽን ዝጊ! ኮንትራትሽ አርብ ያልቃል፤ የማሳድሰው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጓንቷን መንጭቃ አወለቀችና የተላጠ፣ ደም የቋጠረ እጇን ካሜራው ፊት ደቀነችው። ሐኪሟ ደነገጠች። ከፈለን «አንተ ዝም በል» አለችና ወይንሀረግን ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ «ከሥራሽ ነው የመጣው? አዎ ወይ አይደለም፣ ራስሽ ንገሪኝ።»

የከፈለ አውራ ጣት የጥሪው ቀይ መዝጊያ ላይ ደርሷል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?