ሐኪም ካልፈረመ

አቶ ተክለብርሃን እስከዚያ ሳምንት ድረስ ስደተኛ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ስለ ስደተኛ ግን የማያውቀው ነገር አልነበረም። ከአዲስ አበባ በመጣ በሦስተኛው ቀን «አስተባባሪ» የሚል ባጅ አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለትና ዲላ ላይ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው አስረከቡት። ባጁን ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስልም።

ሰዎቹ ከሞያሌ ድንበር የመጡ ናቸው። ዲላ ላይ ወርደው ይመረመራሉ። ለመንገድ ብቁ የሆነ ተመልሶ ተሳፍሮ ወደ መጠለያው ይሄዳል፤ ያልሆነ ሆስፒታል ይቀራል። ሥራው ይኸው ነው፤ አቶ ተክለብርሃን ግን ጦር የሚመራ ነው የሚመስለው።

ከዋናው አስፋልት ዳር ባለ ባዶ የመጋዘን ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ሲስተር ራሄል፣ ከሐዋሳ የመጣችው ነርስ፣ እስከ አምስት ሰዓት ሰማንያ ሦስት ሰው አየች። የቀረችው አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ናት። እናቷ ቱሜ በጋቢ ጠቅልላ ይዛታለች።

«ይህቺ አትሄድም» አለች ራሄል። «ትንፋሿ ጥሩ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ትግባ።»

«በማን ፊርማ?»

«በእኔ ነዋ።»

«ነርስ ማሳፈር እንጂ ማስቀረት አትችልም። መመሪያው ሐኪም ነው የሚለው። ሐኪም ካልፈረመ ትሳፈራለች።»

ሐኪም ደግሞ የለም። ከይርጋጨፌ በኩል በጠዋት ይመጣል የተባለው ዶክተር ስልኩ አይሠራም። አውቶቡሶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳሉ።

ቱሜ በኦሮምኛ ተናገረች። ሮሆቦት የምትባለው የዲላ ተማሪ ተረጎመችላት። «ከትናንት ጀምሮ ጡት አልያዘችም ትላለች።»

«ትላለች! ከተማ መቅረት ፈልጋ ነዋ! ይሄን ድራማ እኔ አውቀዋለሁ። ቆንጠጥ ያደርጉና ያስለቅሷቸዋል።»

ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። ለማልቀስም አቅም አልነበራትም። ይህን ለማየት ባጅ አያስፈልግም ነበር።

በዚህ መሐል ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎልማሳ በበሩ ገባ። የያዘውን ፌስታል በር ላይ ለቆመችው ምሳ አብሳይ አቀበለና ሊመለስ ዞረ። አቶ ተክለብርሃን እጁን ይዞ ጎተተው።

«አሁን ነው የሚመጣው? ሰው ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀህ?»

«ይቅርታ፣ ሰው በዝቶብኝ ነው። እኔ እኮ...»

«እኮ የለም! ና ወዲህ!»

አልሰሜን ግባ በለው! ስሙን እንኳ አልጠየቀውም። ቱሜ ጋዋኑን ስታይ ብድግ ብላ ልጇን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች።

ሰውዬው ልጅቷን አየ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እጄን ልታጠብ» አለ። ከጄሪካኑ እያስቀዳ እስከ ክርኑ ታጠበ።

«ጋሽ ደመላሽ...» ብላ ጀመረች ሮሆቦት። ሰውዬው ዞር ብሎ ሲያያት ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች።

«አንቺ ደግሞ ልታለቅሺ ነው? ተርጓሚ ነሽ፣ ተርጉሚ!» አለ አቶ ተክለብርሃን።

ደመላሽ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። መዳፉን ከልጅቷ ጎድን ሥር አኑሮ ቆየ። በተነፈሰች ቁጥር ቆዳዋ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ሳንባዋ ነው» አለ።

«እኔም ያልኩት እሱን ነው» አለች ራሄል።

አቶ ተክለብርሃን ከላይ እስከ ታች ገላመጠው። «ማዳመጫህስ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ማዳመጫ ነው የሠራሁት።»

ድንቄም ሐኪም! አለ አቶ ተክለብርሃን በሆዱ። የክፍለ ሀገር ሐኪም ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቅበታል! ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ፣ «ስማ ዶክተር፣ መንገዱ አስፋልት ነው። ትሂድ በልና ሁላችንም እንገላገል» አለው።

«አትሄድም።»

«ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

ደመላሽ ቱሜን አየ፤ ልጅቷን አየ። ግንባሩ አልቦታል።

«እወስዳለሁ። ወረቀቱን አምጣው።»

ሲፈርም እጁ ተንቀጠቀጠ። አቶ ተክለብርሃን ይህች አላመለጠችውም። ወይ ጠጥቶ ነው የመጣው፣ ወይ ከእናትየዋ ጋር ተስማምተዋል። ጉድ በል ዲላ! ሪፖርት እንደሚያደርግበት በልቡ ማለ።

ራሄል እናትና ልጅን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ ሆስፒታል ከነፈች። አውቶቡሶቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው ወጡ። አቶ ተክለብርሃንም የቀረበለትን ምሳ ጥርግ አድርጎ በላ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሄል ደወለች። «ኦክስጅን ላይ ናት። የሕፃናት ሐኪሙ አይቷታል። ዛሬ መንገድ ላይ ብትውል ኖሮ አትተርፍም ነበር አለ።»

አቶ ተክለብርሃን ስልኩን ዘጋና ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሊጽፈው በነበረው ክስ ፋንታ ሌላ ሪፖርት ጻፈ፦ «በአስተባባሪው ንቁ ክትትልና ፈጣን ውሳኔ የአንዲት ሕፃን ሕይወት ሊተርፍ ችሏል።» ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለቴም ደስ አለው። የጎደለው የሐኪሙ ማህተም ብቻ ነበር።

«ያ ዶክተር የት ነው የሚሠራው?» ሲል ሮሆቦትን ጠየቃት።

«ቅርብ ነው ጋሼ። ከአስፋልቱ ማዶ፣ አረንጓዴው በር» አለችና ፊቷን አዞረች።

አቶ ተክለብርሃን ባጁን አስተካክሎ፣ ወረቀቱን ይዞ አስፋልቱን ተሻገረ። ስለ ማዳመጫውም አንድ ሁለት ነገር ሊመክረው አስቧል።

ደመላሽ ከተሰቀለው የበሬ ታፋ ጀርባ ብቅ አለና ቢላውን አስቀምጦ፣ «ልጅቷስ ተረፈች?» አለው።