የኸዋጃው አልጋ

ገብረየስ የማይንቀው ሰው ጥቂት ነው። ካርቱም ውስጥ፣ ቡሪ ሰፈር፣ ሃያ ዓመት አናጺ ሆኖ ሲኖር ሐኪሙንም፣ ደላላውንም፣ ባዶ እጁን አገሩ የሚገባውንም ሲንቅ ኖሯል። አዘዞ ያለችው እናቱ ዓይንህን ልየው ብላ በላከችበት ቁጥር፣ «ባዶ እጁን የሚገባ ሬሳ ብቻ ነው» ብሎ ይመልሳል። ናሆም ያመጣውን መኪና ባየ ጊዜ ግን ንቀቱ አዲስ ሲሳይ አገኘ።

መኪናው ከእድሜ ብዛት ቀለሙ የማይታወቅ ኮምቢ ቮልስ ነበር። ናሆም በሶባ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሞባይል ገና የሀብታም መለያ በነበረበት በዚያ ዓመት ይህን ብረት እየገፋ አምጥቶ ገብረየስ እንጨት የሚሠራበት ወርሻ በር ላይ አቆመው።

«ጋሼ፣ ኸዋጃ ነው የሚሄድበት» አለ። «በገዳሪፍ በመተማ አድርጎ እስከ ጎንደር። አልጋውን እርስዎ ይሥሩልኝ።»

«ፈረንጁ ቤት የለውም?»

«አለው።»

«ሚስትስ?»

«አለችው።»

«ታዲያ ቆርቆሮ ውስጥ የሚተኛው ምን ሆኖ ነው?»

ናሆም መሬት መሬት አየ። «አገር ማየት አማረው።»

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አለ ገብረየስና ሜትሩን አወጣ። ሥራ ሥራ ነው።

ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ተበየደ፣ የውኃ በርሜል ታሰረበት። መኪናው አሸዋ ሲይዘው ከጎማው ሥር የሚነጠፍ ላሜራ በጎኑ ተንጠለጠለ። በረዶ የሚይዝ ሳጥን ገባ። ገብረየስ በእያንዳንዱ ላይ ቀለደ፤ አልጋው ላይ ሲደርስ ግን ቀልዱ እንኳ አለቀበት። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ከኋላ በር በኩል የሚገባበት፣ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ፣ አጠገቡ ትንሽ መቀመጫ፣ ራስጌው ላይ ደግሞ መንጠቆ።

«መንጠቆው ለምን?»

«ለፋኖስ።»

«ፋኖስ አናቱ ላይ ሰቅሎ የሚተኛ ዛሬ ገና ሰማሁ። ቁመቱስ?»

«እርስዎን ያህላል። እስቲ ጋደም ይበሉና እንለካው።»

ገብረየስ ጣውላው ላይ ተጋደመ። ጨጓራው ከተነሣበት ወዲህ ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል። «ኸዋጃውም እንደኔ ሸንበቆ ነው በለኛ» አለ። ለክሳቱ የካርቱምን ሙቀት ነበር የሚከሰው። ሶባ ሆስፒታል የመረመሩት ሐኪሞች የሰጡትን ወረቀት የተቀበለችው ሚስቱ ጸሐይወርቅ ናት፤ የት እንዳደረገችው እንኳ አልጠየቃትም።

ችግሩ ጸሐይወርቅ ነበረች። ወርሻውን ረግጣ የማታውቅ ሴት ሻይ ይዛ መመላለስ ጀመረች። ከናሆም ጋር በሹክሹክታ ታወራለች፤ ባሏ ብቅ ሲል ዝም ይላሉ። የታመመች የወሎ ልጅ ልጠይቅ እያለች በናሆም ሚኒባስ ሶባ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነው። የአንገቷ ወርቅ የለም። የት ሄደ ሲላት፣ «ተበጠሰብኝ» አለችው። የመኪናውን መጋረጃ እንኳ የመረጠችው እሷ ናት፤ «ወፍራሙ ይሁን፣ ፀሐይ እንዳያስገባ» አለች።

አንድ ቀን ገብረየስ ሸሚዙን ሲፈልግ ከሣጥኑ ሥር ፓስፖርቷን አገኘ። ትኩስ የመውጫ ቪዛ ተመቶበታል። የእሱ ፓስፖርት ከነበረበት የለም።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። ኸዋጃ የሚባል ሰው የለም፤ ሚስቱ ከናሆም ጋር ልትኮበልል ነው፤ ጠባብ አልጋም ለተቃቀፈ ሁለት ሰው ይበቃል። እንዳይከተላቸው ፓስፖርቱን ሰውረዋል፤ የሚስቱን ጎጆ ደግሞ በገዛ እጁ አሠርተውታል። ተናደደ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ አቃጠለው። አሥራ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ ይወዳታል፣ ነግሯት ባያውቅም። ቢጠይቃት ኖሮ ምናልባት ትናገር ነበር። ገብረየስ ግን የናቀውን ሰው አይጠይቅም።

ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰፈሩ ለጁምዓ መስጊድ ሲገባ፣ ናሆምም በሌለበት፣ መኪናው ውስጥ ገባ። የአልጋውን መሐል የያዙትን ስምንት ወፍራም ብሎኖች ፈታ፤ በምትካቸው ቀጫጭን ምስማር መታና አናታቸውን ቀለም ቀባው። እስከ ገዳሪፍ አስፋልት ነው፣ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኮረኮንች የቀረውን ይጨርሰዋል። የሚሰበረው የት እንደሆነም ያውቃል፤ ልክ ወገብ ላይ።

«ያላ፣ ይጋደሙበት» አለ ለብቻው። ብሎኖቹን ኪሱ ከተተ፤ ጥሩ ብሎን ለእነሱ አያባክንም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምቢው ደጁ ላይ ቆመ። ጎረቤቶቹ ሙሐመድአወልና ሚስቱ ዘሊካ ሳይጠሩ መጥተዋል። ዘሊካ በለበሰችው ቶብ ጫፍ አፏን ይዛለች። ውርደቱን ሊያዩ የመጡ መሰለው፤ ቀና ብሎ ቆመ። ጸሐይወርቅ ሁለት ሻንጣ ይዛ ወጣች። አንዱ አልበቃትም፣ አለ በሆዱ።

«ኸዋጃህስ?» አለው ናሆምን፣ እየሣቀ።

ናሆም የኋላውን በር ከፈተ፤ ከበረዶው ሳጥን አንድ የግሉኮስ ከረጢት አውጥቶ መንጠቆው ላይ ሰቀለ። ጸሐይወርቅ ሻንጣዎቹን አስገባች፤ ከዚያ ተመልሳ ባሏን በብብቱ ሥር ደገፍ አደረገችው። የገብረየስ እጅ ኪሱ ውስጥ፣ ብሎኖቹ ላይ ነበር።

«ቀስ ብለው ይጋደሙ፣ ጋሼ» አለ ናሆም፤ «ሐኪሙ እናትዎ ደጅ እስኪደርሱ ድረስ ወገብዎ እንዳይናጥ ብሎናል።»