አርባ ሦስት ጊዜ ፊልሳን

«ይቺ ፊልሳን ማን ናት?» ትላለች ሲስተር ደሄቦ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ።

ኡባህ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ታስጠጋለች። ከዚራ ሠፈር ካሉት የድሮ ቪላዎች በአንዱ፣ ከባልደረቦቿ ጋር አምስት ሆነው ለጤና ጣቢያዎች የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራም ይሠራሉ። ፕሮግራሙ ሳይወጣ መፈተን የእሷ ድርሻ ነው። ፈተናዎቹን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር የምትጽፈው የጤና ባለሙያ እንዲያነባቸው ብላ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ላንብብ ብሎ የመጣ ሰው ግን ደሄቦ የመጀመሪያዋ ናት።

የመጣችውም በደህና አይደለም። ትናንት ጠዋት ሸምሶ የምትባል እናት ዓይኑ ቢጫ የሆነ የሦስት ቀን ሕፃን ታቅፋ ደሄቦ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ኮምፒዩተሩ ያለ ስም አልመዘግብም ይላል። ሸምሶ ደግሞ ስሙ የሚወጣው በሰባት ቀኑ ነው፣ ከየት ላምጣው ትላለች። ሰልፉ ሲረዝም መዝጋቢው ሕፃኑን በእናቱ ስም ያስገባዋል። የደሙ ውጤት በሸምሶ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ሐኪሙ የሕፃኑን ውጤት ቢፈልግ ቢፈልግ ያጣዋል። ውጤቱ ገና አልደረሰም እያለ እስከ አሥር ሰዓት ሲጠብቅ ይውላል።

«አሁን ቢጫነቱን የሚያክመው መብራት ሥር ተኝቷል። ጡትም ይዟል፣ አልሐምዱሊላህ» ብላለች ደሄቦ ገና ከባጃጅ እንደወረደች። «ልጣላችሁ አልመጣሁም። ፕሮግራሙን ለእኛ ከመስጠታችሁ በፊት እንዴት እንደምትፈትኑት አሳዩኝ ብዬ ነው።»

ኡባህ ፋይሉን የከፈተችላት ለዚህ ነው።

«ፊልሳን እውነተኛ ሰው አይደለችም» ትላታለች አሁን። «እያንዳንዱ ፈተና መነሻ ያስፈልገዋል። ቀጠሮ ለማስያዝ መጀመሪያ ታካሚ መኖር አለባት። መድኃኒት ለማዘዝም እንደዚያው። ድሮ ይሄንን በየፈተናው እደጋግመው ነበር። በኋላ አንዴ ጻፍኩትና ሁሉም ከእሱ እንዲነሱ አደረግኩ።»

ደሄቦ ጮክ ብላ ታነባለች፦ «ፊልሳን የምትባል የሃያ ስምንት ዓመት ታካሚ በስሟና በስልክ ቁጥሯ ተመዝግባለች።» ወደ ታች ትወርዳለች። «እዚህም አለች። እዚህም። ስንት ናቸው?»

«አርባ ሦስት።»

ኡባህ ይህን ቁጥር የምትናገረው በኩራት ነበር። አንዱን መስመር ስታርም አርባ ሦስቱም አብረው ይታረማሉ። ሥራ ያቀለለ ነገር ነው፤ የቢሮው ኃላፊ ገብረ መድኅን ራሱ በስብሰባ ላይ አመስግኗታል።

«አቦ ኡባህ፣» ትላለች ደሄቦ ቀስ ብላ፣ «እናንተ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስም አለው ማለት ነዋ። ስልክም አለው።»

ኡባህ ፊቷ ይግላል። አርባ ሦስት ጊዜ ፈትናለች፤ አርባ ሦስቱንም ጊዜ መመዝገቢያው መስኮት ፊት የቆመችው ያቺው አንዲት ሴት ናት።

ገብረ መድኅን በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቷል። «የስሙን ቦታ ግዴታ አይደለም እንበለውና ዛሬውኑ እንላክላቸው» ይላል። «አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

«ከዚያስ?» ትላለች ኡባህ ዞር ሳትል። «ትናንት ሕፃኑ ሲመጣ ፈተናዎቹ ሁሉ አልፈው አረንጓዴ ነበሩ። ዛሬም አረንጓዴ ናቸው። ያለ ስም ከገባ በኋላ ምን እንደሚገጥመው በምን እናውቃለን?»

ገብረ መድኅን «የእኔን ልጅ ክርስትና እስክትነሳ ማሚቱ ነበር የምንላት» ይላል፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

ኡባህ ከፊልሳን በታች ባዶ መስመር ትከፍታለች። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ።»

«ስም ገና ያልወጣለት የሦስት ቀን ሕፃን ከእናቱ ጋር መጥቷል» ትላለች ደሄቦ። የኡባህ ጣቶች እስኪደርሱባት ትጠብቅና ትቀጥላለች። «ስልክ የአባትየው ነው። እሱ ደግሞ መኪና ይዞ ሄዷል፣ አይገኝም። ወላሂ፣ ግማሾቹ እንደዚህ ናቸው።»

ኡባህ የስልኩን ነገር ለብቻው ትጽፈዋለች። ሁለቱ በአንድ መስመር ከተጣበቁ ስም ኖሯት ስልክ የሌላት እናት እንደገና ትቀራለች። ለየብቻ ከሆኑ ግን ለሚያስፈልገው ፈተና አንዱንም ሁለቱንም መጥራት ይቻላል። ፊልሳንን አታጠፋትም፤ እንደ እሷ ያለ ሰውም ይመጣል። ሕፃን ሊገባባቸው በሚችሉት ፈተናዎች ላይ ግን አዲሱን መነሻ ትጨምርና ታስነሳቸዋለች።

የመጀመሪያው ወድቆ ቀይ ይሆናል። ሁለተኛውም። ገብረ መድኅን «ኧረ!» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። ቀዩ እየተግተለተለ ይወርድና አሥራ ዘጠኝ ላይ ይቆማል።

«ይሄኛው ምንድን ነው?» ትላለች ደሄቦ።

«የክትባት ካርድ።»

«ይሄስ?»

«ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ የሚጻፈው ወረቀት።»

ደሄቦ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ሌሊቱን ተረኛ ነበረች፤ መተኛት ነበረባት። ገብረ መድኅን ሁለት ወንበር ጎትቶ ያመጣና አንዱን ለእሷ ሰጥቶ በሌላው ይቀመጣል።

«ከላይ ጀምሪ» ይላታል ኡባህን።

ኡባህ የመጀመሪያውን ቀይ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ ታነባለች። የጻፈችው ራሷ ናት፤ እስከ ዛሬ ግን ድምፅ አውጥታ አንብባው አታውቅም። መሐል ላይ ደርሳ ቀና ትላለች። ጎኗ ያለችው ደሄቦ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጣቶቿ ትቆጥራለች፤ ቁጥር ግን አይደለም የምትጠራው። እንደ ሸምሶ ስም ያልወጣለት ሕፃን ታቅፈው የመጡ እናቶች ስም ነው።