ልብስ ሰፊዋ ድልድዩን ስትሻገር

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል፤ ምላሷ ከመቀሷ ይብሳላ! ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችው በመርፌዋ ነው። ዘመድ የላትም። «ከሩቅ አገር ብቻዬን መጣሁ» ትላለች፤ እሷን ደፍሮ ማን ይጠይቃል?

ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ማግስት፣ ጠዋት፣ ቁርጡን ተናገረች።

«እማዬ፣ ላገባ ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ እንፈራረማለን።»

«የማንን ልጅ?»

«ከድልድዩ ማዶ ነው። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነው።»

ከድልድዩ ማዶ የሚመጡ ተማሪዎች የሚቀመጡት ከኋላ ነው። መምህሩ ደብተራቸውን የሚይዘው በሁለት ጣቱ ነው። ልጅቷ ግን ከአንዱ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አብራ ስታጠና ከርማለች።

«ሰው እንደሚያወራው አይደሉም፣ እማዬ። ደጎች ናቸው» ብላ ፎቶ አወጣች። ልጁና አባቱ ተቃቅፈው ይስቃሉ።

እናት ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ቆይታ ቀደደችው። ከዚያ ልጇን በጥፊ አጮለቻት፤ የእንጨት ሜትሯንም አንስታ ጀርባዋ ላይ አሳረፈችው።

«ምን በደለ?» አለች ልጅቷ፣ ወለሉ ላይ ተዘርራ፣ ከንፈሯ እየደማ።

«ፋቂ ነዋ! እሱን ከምታገቢ በቁሜ ቅበሪኝ!»

ልጅቷ በጓሮ በር አመለጠች።

መቀስ ሜትሯን እንደያዘች መንገድ ላይ ወጥታ «የሰው ያለህ! ፋቂዎቹ ልጄን ወሰዱብኝ!» ብላ ጮኸች።

ሰፈሩ ድሮም ሰበብ አጥቶ ነው እንጂ! ሥጋ ሻጩ ፍልጥ፣ መካኒኩ ጎማ መፍቻ ይዞ ወጣ። ጎረምሶቹ ኪሳቸውን ድንጋይ ሞሉ። ድልድዩን እንደተሻገሩ የመጀመሪያው ቤት መስኮት ረገፈ። ምንም የማያውቅ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተፈነከተ። አይ ሰው!

ልጅቷና ልጁ በፋቂው ግቢ ውስጥ ተገኙ። ጎረምሶቹ ልጁን ጎትተው መሬት ላይ ጣሉት፤ በእርግጫ ተረባረቡበት። ክንዱ ቀጭ ሲል ተሰማ። ልጅቷ ላዩ ላይ ልትወድቅ ስትል በፀጉሯ ጎትተው አስቀሯት።

አባትየው የቆዳ ቢላዋውን እንደጨበጠ ከሥራ ቤቱ ተወርውሮ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መቀስ ብቻ ንቅንቅ አላለችም።

ሰውየው መቀስን አያት። ቢላዋው ከእጁ ወደቀ።

«ወንዱን እዩልኝ!» ብሎ ሥጋ ሻጩ ሳቀ።

«ልጅህን ይዘህ ከዚህ አገር ጥፋ!» አለች መቀስ፤ በሜትሩ ፊቱን መታችው። ደገመችው። ሰለሰችው። ሰውየው እጁን እንኳ አላነሳም። አፍንጫው ተሰብሮ ደሙ ደረቱ ላይ ይወርዳል።

«ምቺኝ፣ ግድ የለም» አላት። «እናታችን ግን ስምሽን እንደጠራች ነው የሞተችው።»