አሰላለፍ እየጠራች የምትነዳው ሹፌር

አውቶብሱ አደባባዩ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ...

ሞተሩ አልተበላሸም። ነዳጅም አላለቀም።

እጇ መሪው ላይ ደርቆ የቀረው ሹፌሯ ናት።

ልቧ ይደልቃል... ትንፋሽ አጠራት... ዓይኗ ጭልም አለባት።

ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። ተሳፋሪው ምን ሆና ነው እያለ ተንጫጫ። ረዳቷ ሮጦ መጥቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ደግፎ አወረዳት።

ክሊኒክ የገባችው ልቤ ሊቆም ነው ብላ ነበር። ሐኪሟ ግን መርምራት ስትጨርስ ልቧ ደህና እንደሆነ፣ የያዛት ከባድ ጭንቀት እንደሆነ ነገረቻት። ለክትትል ቀጠረቻት። ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ማስወጣት አስተማረቻት። ሐሳቧ ሲነጉድ ደግሞ እጇ የሚይዘው ነገር እንድትፈልግ መከረቻት።

መሥሪያ ቤቷም እስኪሻላት ድረስ ከመሪ አንስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባት።

አስቡት... ከተማውን ስታሾረው የኖረች ሴት መጥረጊያና የጎማ መፍቻ ስታድል።

አንድ ቀን ከክሊኒኩ ስትወጣ ኪዮስክ ላይ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ አየች። ከወንድሞቿ ጋር ኳስ እያየች ያደገች ናትና አንድ እሽግ ገዛች። እዚያው ቆማ ከፈተችው... የተጫዋቹን ፊት አየች፣ የማሊያውን ቁጥር፣ ቁመቱን፣ ክለቡን አነበበች...

ቀና ስትል ደረቷ ቀለል ብሏታል።

በዚያው ለመደችው። አልበም ገዛች። ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ትደረድራቸዋለች... በረኛ ከበረኛ፣ ተከላካይ ከተከላካይ።

ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አብረዋት ያሉት አማቷ ናቸው።

አማቷን ምን ልበላችሁ... ምላሳቸው ስለት ነው። ጉልበቴን ያመኛል እያሉ ከግቢ አይወጡም፤ ግን ካሉበት ሆነው ማንንም አይምሩም።

"ይሄ ሁሉ ጎረምሳ ቤት ሲገባ ልጄ ምን ይለኛል?" አሏት አንድ ቀን አልበሙን እያዩ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ አውቶብሱ ቆሞ እየጠበቀሽ አንቺ ወረቀት ትነጂያለሽ አሏት።

ይሄኛው አንገበገባት። እልህ ያዛት።

በማግስቱ አለቃዋን አስፈቅዳ በምሳ ሰዓት የቆመ አውቶብስ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሞተሩ እንደጠፋ... ሲለምዳት አስነሳችው... ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ግቢውን ዞረች።

ደረቷ ሲጨመቅ ትንፋሿን እያስወጣች አሰላለፍ ትጠራለች። በረኛ... ቀኝ ተመላላሽ... መሃል ተከላካይ... አጥቂው ጋ ስትደርስ ልቧ ረገብ ይላል። ይህንኑ ቤት ውስጥ ክፍሏን ዘግታ ጮክ ብላ ትለማመደዋለች።

ወደ መሪ ለመመለስ የመንዳት ፈተና ተፈተነች... ወደቀች። መንገድ መሃል ፍሬን ይዛ ቆመች።

ቤት ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ታጠበች። ሐኪሟ ጋ ሄደች፣ ተለማመደች፣ እንደገና ተፈተነች።

አለፈች።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ካጽናኗት ሰዎች አንዱ የኪዮስኩ ባለቤት ነበር። የተደጋገሙባትን ካርዶች ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ ልክ አልበሟ ላይ የጎደለውን አስቀምጦ ይጠብቃታል። የጎደለኝን እንዴት አወቅህ ስትለው ፈገግ ብሎ ወሬ ይቀይራል። ምን ዓይነት ቅን ሰው ነው ትል ነበር።

ሥራ በተመለሰች ሰሞን በስታዲየሙ በኩል የሚያልፈው መስመር ደረሳት። ጨዋታ ያለበት ቀን ነው፤ ሰዉ እንደ አሸዋ ፈስሷል። ፌርማታው አጠገብ፣ አጥሩ ሥር፣ ወጣቶች ተኮልኩለው ካርድ ይለዋወጣሉ።

በሩን ስትከፍት አንድ የምታውቀው ድምፅ ገባ...

"ሁለት አጥቂ ሰጥቼህ አንድ በረኛ ትከለክለኛለህ? ምራቴ እኮ የቀራት እሱ ብቻ ነው።"

ዞር አለች።

መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ካርድ በሁለት እጃቸው ይዘው ከጎረምሶቹ ጋር የሚከራከሩት አማቷ ናቸው።

ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

አማቷ ተሳፈሩና ከጀርባዋ ተቀመጡ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ነው አፋቸውን የፈቱት።

ጉልበታቸው ምንም አልሆነም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሰው የበዛበት ቦታ ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንዴ ገበያ መሃል ወድቀው ሰው ስለሳቀባቸው፣ ከዚያ በኋላ ጉልበቴን ነው ማለት ጀመሩ። በእሳቸው ጊዜ ለዚህ ነገር ስም የሰጠው አልነበረም። ምራታቸው ከአደባባዩ ተደግፋ ስትመጣ ግን ምን እንደያዛት ወዲያው ገባቸው።

የኪዮስኩን ባለቤት እንዳይናገር ያስማሉትም እሳቸው ናቸው። እሷ ሥራ ስትሄድ አልበሙን ከፍተው የጎደለውን ቁጥር ያዩና የተደጋገሙትን ካርዶች ከኪዮስኩ ወስደው እስከ ስታዲየሙ ይሄዳሉ፤ ለውጠው ያገኙትንም ኪዮስኩ ላይ ያስቀምጡላታል።

"ታዲያ እማዬ፣ ለምን ይሰድቡኝ ነበር?" አለቻቸው።

"አብሬሽ ባለቅስ አብረሽኝ ቤት ትቀሪ ነበር። በእኛ ቤት ተደብቆ የሚኖር አንድ ሰው ይበቃል።"

"እዚህ ሕዝብ መሃልስ እንዴት ቻሉት?"

"እንዳንቺው ነዋ" አሉ። "ስትለማመጂ በግድግዳው በኩል እሰማሽ ነበር። በረኛ... ቀኝ ተመላላሽ... እያልኩ መጣሁ።"

ሹፌሯ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና አውቶብሱን አዞረች፤ የሚጠብቅ ተሳፋሪ አለ።

ዛሬ አማቷም እዚያው ሐኪም ጋ ይከታተላሉ። ሹፌሯ አሁንም ደረቷ የሚጨመቅባቸው ቀናት አሉ... ግን ትነዳለች።

ወዳጆቼ... ጭንቀት ስንፍና አይደለም፤ እብደትም አይደለም። የሚያሳፍርም ነገር የለውም። እርዳታ ጠይቁ፣ ትንሽም ብትሆን የምታረጋጋችሁን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ጎናችሁ ያለው ሰውም ሳይነግራችሁ ከዚያው ነገር ጋር እየታገለ ሊሆን ይችላልና ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... አማቷ ሳያባብሉ እልህ ውስጥ መክተታቸው ልክ ነበር ትላላችሁ? ወይስ የራሳቸውን ሕመም ገና ከመጀመሪያው ቢነግሯት ይሻል ነበር?