ዶክተር የሚያደርገው

ሁለት የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሉት። አንደኛው የኅብረተሰብ ጤና ነው፤ ማስተርስ ላይ ያበቃል። ሌላኛው የአፈር ሳይንስ ሲሆን እስከ ዶክትሬት ይዘልቃል። ጓደኞቹን ቢያማክር ሁሉም የየራሱን ምኞት መከረው። ግራ ሲገባው ገጠር ላለችው እናቱ ደወለ።

"ዶክተር የሚያደርግህ የቱ ነው?" አለችው።

"ሁለተኛው፣ እማዬ። ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል።"



"ይፍጅ። እሱን ያዝ፤ እጠብቅሃለሁ።"

ያዘ። በደወለ ቁጥር "ደህና ነኝ፤ ብቻ ቶሎ ጨርስና ና" ትለዋለች። ናፍቆት ይመስለው ነበር።

ተመርቆ ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ "ዶክተር! ዶክተር!" እያለ በእልልታ ተቀበለው። እናቱ ግን አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። እንግዶቹ ሲወጡ በሩን ዘጋችና የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች። ግራ ጡቷ ጠቁሮ ቆስሏል።

"ያኔ ልታማክረኝ ስትደውል እብጠቷ ሽንብራ ታህል ነበረች" አለችው። "ባዕድ ወንድ ገላዬን ከሚያየኝ ልጄ ይድረስልኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። በል እየው እንግዲህ፣ ዶክተሬ።"