የዘጠኝ ቁጥር ዕድሜ

አሸናፊ ጠዋት ጠዋት ወረታ ውስጥ ሩዝ ይፈለፍላል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አሠልጣኝ ነው። የከተማው ክለብ የታዳጊ ቡድኑን በትርፍ ሰዓት እንዲያሠለጥንለት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጥሮታል፤ ሙከራው ሊያልቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

ሥራውን ከልቡ ይወደዋል። መፈልፈያው ቤት «አንተ፣ ቶሎ በል» የሚሉት ሰዎች ሜዳ ላይ ሲያገኙት «አሠልጣኝ» ይሉታል። ይህ ለአንድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የክለቡ ደንብ አጭር ነው። ተጫዋቹ ወንድ ይሁን፣ ከዐሥራ አራት ዓመትም አይብለጥ ይላል። ከአሸናፊ በፊት የነበረው አሠልጣኝ የተሰናበተው በዚሁ በዕድሜ ጣጣ ነው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ነው የተባለው ተከላካይ ወንድ ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲያስነሣ፣ ከእንግዶቹ አንዱ የክለቡ ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ጠላውን ጠጥቶ ጨረሰና በማግስቱ አሠልጣኙን አባረረ። ከዚያ ወዲህ ከጥምቀት መዝገብ በቀር የማምነው ወረቀት የለም ይላል።

አሸናፊ በበኩሉ በዓይኑ ይመካል። አባቱ የከብት ደላላ ነበሩ፤ የፎገራን በሬ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ዕድሜውን ይናገራሉ። ይህን ዓይን ወርሻለሁ ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷል።

ዓይኑ አሁን ያረፈው ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነው። ስሙ ይርጋለም ነው። ከቡድኑ ሁሉ ረጅሙም ጎል አግቢውም ዘጠኝ ቁጥር ነው። ሜዳ የሚመጣው መለያውን ከቤት ለብሶ ነው። ኳስ ሲፈልግ እጁን ያነሣል እንጂ አይጣራም።

«ድምፁ ጎርንኗል። እንዳይታወቅበት ነው» አለ አሸናፊ ለሚስቱ ለገላነሽ።

ቡድኑ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄዶ ሲታጠብ፣ ዘጠኝ ቁጥር ራቅ ብሎ የሌሎቹን ልብስ ሲጠብቅ ዋለ።

«ደረቱ ፀጉር አብቅሏል ማለት ነው» አለ አሸናፊ።

ገላነሽ አራስ ናት። ሴት ልጃቸው በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እናቲቱ ለድግሱ ስትል ቀኑን በየጠዋቱ ትቆጥራለች። «ጥርሱንም እይለት እንጂ» አለችው።

ነገሩ ፌዝ ነበር፤ አሸናፊ ግን ሐሙስ ዕለት ሜዳ ላይ ሆን ብሎ ቀልድ ነገረ። ሁሉም ሣቁ። ዘጠኝ ቁጥር አፉን በእጁ ሸፍኖ ሣቀ።

ሰኞ ጠዋት የይርጋለም አባት፣ አያ እንግዳው፣ ሩዝ ሊያስፈለፍል መጣ።

«አያ እንግዳው» አለው አሸናፊ፣ «ስለ ልጅህ የደረስሁበት ነገር አለ።»

እንግዳው ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ደርቆ ቀረ።

«ማን ነገረህ?»

«ዓይኔ። ዕድሜ ደብቃችሁኛል።»

«ዕድሜ?» እንግዳው ጆንያውን ቀስ ብሎ አወረደ። ከዚያ እስኪያስለው ሣቀ። «ለዕድሜ ከሆነስ አታስብ። ቄሰ ገበዙ መዝገብ አላቸው፤ ሂድና ጠይቃቸው።»

አሸናፊ ሣቁን አልወደደውም።

ቄሰ ገበዝ ተክለ ማርያም ሐሰት ሲናገሩ ተሰምተው አያውቁም። አሸናፊ መስቀል ተሳልሞ ጉዳዩን ነገራቸው።

«የእንግዳውን ልጅ አውቃለሁ» አሉ። «የምትሻው ዕድሜ ነው?»

«አዎ አባ፣ ዕድሜ ብቻ።»

«ሌላ የምትጠይቀኝ የለም?»

«ሌላ ምን አለ አባ?»

«እሽ። ዕድሜ ብቻ ከሆነ መልካም ነው።»

መዝገቡን ገለጡ። የክርስትና ስም የተጻፈበት ላይ አውራ ጣታቸውን አኑረው አነበቡለት። «ልደት፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ አምስት። ጥምቀት፣ በዚያው ዓመት የካቲት አንድ።»

አሸናፊ ዓመቱን ቆጠረ። ዐሥራ ሦስት ሆነ። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ዐሥራ ሦስት።

«የክርስትና ስሙስ አይጻፍልኝም?»

«የክርስትና ስም ለቅዳሴ ነው እንጂ ለኳስ ምን ይሠራል?» አሉና ሁለቱን ቀኖች ብቻ ጽፈው ማኅተም መቱበት። «ይልቅ የቅዳሜው ጨዋታ በስንት ሰዓት ነው?»

አሸናፊ አፈረ። ያባቱ ዓይን ለበሬ እንጂ ለሰው እንደማይሆን ገባው። እንግዳውን ይቅርታ ጠየቀ፤ እንግዳውም ከሚገባው በላይ ቶሎ ይቅር አለው። ከዚያ የክለቡን ቅጽ ሞላ። «የዚህን ተጫዋች ማንነት በሚገባ መርምሬ አረጋግጫለሁ» ከሚለው ሥር በትልቁ ፈረመና ከቄሱ ወረቀት ጋር አስገባ። ግልባጩን ኪሱ ከተተ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ቁጥር ሁለት አገባ። ቄሰ ገበዙ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከሜዳው ዳር ቆመው አዩ። ጨዋታው እንዳለቀ ጸሐፊው የአንድ ዓመት ውል ለአሸናፊ ሰጠው። አሸናፊ ዓይኑ በደስታ እንባ ሞላ፤ እዚያው ላይ ጸሐፊውን ለልጁ ክርስትና ጠራው።

እሑድ ገላነሽ ልጇን አጥብታ አስተኛችና የባሏን ልብስ ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች።

«ይኸ የማን የክርስትና ወረቀት ነው?»

«የዘጠኝ ቁጥር። እንጀራዬን ያተረፈልኝ እሱ ወረቀት ነው።»

ገላነሽ ለራሷ ልጅ እንደለመደችው በጣቷ መቁጠር ያዘች። ከኅዳር፣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን። ታኅሣሥ ሠላሳ። ጥር ሠላሳ። የካቲት አንድ። ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«አሸናፊ፣ ይኸማ ሰማንያ ነው» አለች፣ «ልክ እንደ ልጃችን።»